ፓስወርድ በጠመኔ

ቀናሁባት። ሌላ ስም አላወጣለትም።

አምቦ ውስጥ የአንድ ኮሌጅ ኮምፒውተር ክፍልን ሰባት ዓመት ስይዝ ፓስወርዱን ጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጽፌው ነበር። ሰው ከሚለማመጠኝ ይግባና ይሥራ ብዬ ነው። ተማሪው «አካም ጋሼ» እያለኝ ሲገባ ደስ ይለኛል። ቫይረሱም አብሮ ይገባል፤ ምን ይደረግ።

ከዚያ ከጊንጪ የመጣች፣ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ተቀጠረች። በነጻ ከሚገኘው ሊኑክስ ተነስታ ለኮሌጁ የራሱን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ማዘጋጀት ጀመረች። ሐሳቧ አንድ ነው፦ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሁሉም ነገር ዝግ ይሁን፣ የሚያስፈልገው ብቻ በፈቃድ ይከፈት።

«ሰው ረስቶ ክፍት ይተዋል፤ ረስቶ ግን አይከፍትም» አለች ስብሰባ ላይ።

ዲኑ ማስታወሻ ያዘላት። እኔ ስናገር እስክሪብቶ አንስቶ አያውቅም። ለክፍሉ በይፋ ኃላፊ ሊሾም ሳምንት ቀርቶ ነበር፤ ሹመቱ የኔ ነው ብዬ ለባለቤቴ ሳይቀር ነግሬያታለሁ።

ምሳ ሰዓት ጠብቄ የእሷ ኮምፒውተር ላይ ተቀመጥኩ። ኪሴ ውስጥ ቫይረስ የበላው ፍላሽ አለ። በዚያው ኮሌጅ በማታ ለምማረው ትምህርት ያዘጋጀሁት የመመረቂያ ጽሑፌ የጠፋው እሱ ላይ ነው፤ ፎልደሮቹ ሁሉ የማይከፈቱ ሾርትከት ሆነው ቀርተዋል። ሲስተሟን ልፈትን ነው አልኩ ለራሴ። ውሸቴን ነው፤ እንዲበላሽባት ፈልጌ ነው። ሰካሁት። ፈቃድ ጠየቀኝ። ነቅዬ ደግሜ ሰካሁት፤ አሁንም ፈቃድ ጠየቀኝ።

ቀና ስል በሩ ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ልክፈትልዎ?» አለችና ለንባብ ብቻ ከፈተችው። ቫይረሱ አለ፣ ግን መነሳት አልቻለም፤ እንደ ሞተ ዝንብ ተጋድሟል። ከጎኑ ቫይረሱ ደብቆት የኖረው ጽሑፌ ብቅ አለ፣ አምስቱም ምዕራፍ።

«ቫይረስ እንዳለበት ያውቁ ነበር?»

«እኔ እንጃ» አልኳት።

ጽሑፌን ንጹህ ፍላሽ ላይ ገልብጣ ሰጠችኝ። ለማንም አልተናገረችም። ብትናገርብኝ ይሻለኝ ነበር፤ እሷን የምጠላበት ምክንያት አገኝ ነበር። በሳምንቱ እሷ ተሾመች። አጨበጨብኩ።

ጽሑፉን አሳትሜ ለምረቃ አደረስኩት። ምስጋና በሚለው ገጽ ላይ ዲኑን፣ ባለቤቴን፣ መረጃ ስሰበስብ ወንጪን በፈረስ ያዞረኝን ገበሬ ሳይቀር አመስግኛለሁ። እሷን አልጠቀስኩም።

የተመራቂዎችን ጽሑፍ ኮምፒውተር ላይ ለማስቀመጥ የሚረከበው የክፍሉ ኃላፊ መሆኑን ያስታወስኩት ጠረጴዛዋ ፊት ስቆም ነው። ምስጋናውን ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ ፈርማ ተቀበለችኝና «እንኳን ደስ ያለዎ ጋሼ» አለችኝ።