አባቴን የለጠፉበት ምርጫ

ንዴቴ እስኪበርድ ጠብቄ ልጽፈው አስቤ ነበር። አልበረደም። ስለዚህ ከነትኩሳቱ ይኸው።

ሮቤ ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ባነር ማተሚያ አለችኝ። ሱቋ ጠባብ ናት። ግማሹን ማሽኑ ይዞታል፤ በቀረው እኔና ኮምፒውተሬ እንጋፋለን። የሠርግ፣ የምርቃት፣ የሱቅ መክፈቻ፣ የማር ጣሳ ላይ የሚለጠፍ፣ ምኑ ቅጡ፣ ሁሉንም አትማለሁ። ደንበኛ የሚመጣልኝ ግን በማሽኔ ጥራት አይደለም፤ ከእኔ የተሻለ ማሽን ያለው ሁለት በር አልፎ አለ። “የሀጂ ልጅ ናት፤ አታጭበረብርም” ተብሎ ነው የሚመጣልኝ።

ሀጂ የሚሏቸው አባቴን ነው። ስንዴ አራሽ ናቸው፤ ሀብት የላቸውም። ያላቸው ቃል ነው። በሮቤ ዙሪያ በድንበር የተጣላ፣ በከብት የተካካደ፣ በውርስ ያልተስማማ ሰው “ሀጂ ያዩትን ይናገሩ” ይላል። እሳቸውም ያዩትን ይናገራሉ፤ ያላዩትን “አላየሁም” ይላሉ፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያልቃል። አንድ ጊዜ በገዛ ወንድማቸው ላይ መስክረው አጎቴ ለዓመታት አኩርፏቸው ኖሯል። ልጆች ሆነን ከጎረቤት ልጅ ተጣልተን ስንገባም “ማን ጀመረ?” አይሉንም ነበር። “አንቺ ያየሽው ምንድን ነው?” ነበር የሚሉት። እኛ ቤት ሌላ የሚወረስ ነገር የለም፤ ይቺው ናት።

በምርጫው ሰሞን ለምክር ቤት የሚወዳደር ሰውዬ ሱቄ ድረስ መጣ። አያቱ የባሌ ሰው ናቸው፤ እሱ ግን ተወልዶ ያደገው አዲስ አበባ ነው። ይሄ ነውር አይደለም። ነውሩ እንደዚያ ብሎ አለመናገሩ ነው። በቅስቀሳው ሁሉ “እዚሁ ጭቃ አቡክቼ ያደግሁ” ይላል። አንዱ ፖስተር ላይ ፈረስ ላይ ተቀምጦ ይታያል፤ ልጓሙን የያዘለትን ሰው ከፎቶው እንዳወጣ የታዘዝኩት እኔ ስለሆንኩ አውቃለሁ። ሌላው ላይ የደረሰ ስንዴ አቅፎ ይስቃል። ኮምባይነር ገና ማሳ ባልገባበት ወር የደረሰ ስንዴ ከየት እንዳገኘ አንድዬ ይወቀው።

የመጣው ከነካሜራው ነው። “አካም ጅርቱ!” ብሎ ሰላም አለ፣ እኔን ሳይሆን ካሜራውን እያየ።

“አልሐምዱሊላህ፤ ምን ልታዘዝ?” አልኩት።

“ለትልቁ ባነር አንድ ቃል ብቻ ነው የምፈልገው። ‘ዹጋ’። ከፎቶዬ ሥር፣ በትልቁ። ደግሞ ይቺን ቃል በገዛ እጄ ነው የምጽፋት።”

ወንበሬን ለቀቅኩለት። ካሜራው ጣቶቹ ላይ ወረደ። ሰውዬው እየፈገገ ጻፈ።

ዹጋ በኦሮምኛ እውነት ማለት ነው። ግን በቁቤ፣ በላቲኑ ፊደል፣ ሲጻፍ መጨረሻዋ መርዘም አለበት፣ በሁለት “ኣ”። አንዷን ከቀነሷት “ይጠጣል” ትሆናለች። ይሄ ምንም ዕውቀት አይጠይቅም፤ እዚህ አገር አንደኛ ክፍል የገባ ሁሉ የሚስቅበት ነገር ነው። ሰውዬው የጻፈው በአንድ “ኣ” ነበር።

እንዳላሳፍረው ብዬ ድምፄን ዝቅ አድርጌ “አንዲት ‘ኣ’ ትቀራታለች፤ እንዲህ ስትሆን ሌላ ነገር ነው የምትለው” አልኩት።

ለካሜራው ሳቀ። “ኦቦሌቲ ኮ! እህቴ! የእናቴን ቋንቋ ልታስተምሪኝ ነው?”

አጃቢዎቹም ሳቁ። ከመሃላቸው ሱፍ የለበሰው፣ ቅስቀሳውን የሚመራው ሰው፣ “እሱ እንደጻፈው ይታተም” አለኝ። አሳተሙኝ።

በማግስቱ ጠዋት ባነሩ አደባባዩ ላይ ተሰቀለ። አንድ ፎቅ የሚያህል ሰውዬ፣ ነጭ ቆብ አድርጎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አኑሮ። ከሥሩ “ይጠጣል”። መናኸሪያው በሳቅ ፈረሰ። የጎባ ሚኒባስ ረዳቶች “ጎባ! ጎባ! የሚጠጣም የማይጠጣም ይግባ!” እያሉ ይጠሩ ጀመር። ባነሩን እስኪያወርዱት ድረስ በስልኩ ያላነሳው ሰው አልነበረም።

እኔ ሰውዬው ይጠጣ አይጠጣ አላውቅም። ሲጠጣ አላየሁትም፤ ያላየሁትን አልናገርም። ሱቄ እየመጡ “ንገሪን እንጂ፣ አይተሽው ነው አይደል?” ያሉኝን ሁሉ በዚህ መልሻቸዋለሁ። እንግዲህ ስሙን የጠበቅኩለት እኔ ነኝ። እሱ የኔን እንዴት እንደጠበቀልኝ ስሙ።

ከሰዓት በኋላ የቅስቀሳ መኪናው ሞንታርቦውን ጭኖ በሱቄ በር አለፈ። “ተቀናቃኞቻችን ማተሚያ ቤት በገንዘብ ገዝተው የዕጩአችንን ስም አጉድፈዋል! የሕዝብ ልጅ ግን በፊደል አይወድቅም!” ስሜን አልጠሩም። “ከመናኸሪያው በታች ያለችው” አሉ። ከመናኸሪያው በታች ስንት ማተሚያ ቤት አለና ነው!

ሱቄን ዘግቼ ቢሯቸው ሄድኩ። ሱፍ የለበሰው ሰው ተቀበለኝ።

“ራሱ አልነበረም የጻፈው? እርስዎም ቆመው አላዩም?” አልኩት።

“አይቻለሁ” አለኝ፣ ምንም ሳይደነግጥ። “ግን እሱ ሊሳሳት አይችልም። ገባሽ? ሕዝብ የሚሳሳት ሰው አይመርጥም።”

“እና እኔ ልሳሳትለት?”

“አንቺ ብትሳሳቺ ምን ትሆኛለሽ?”

“ቪዲዮውስ? የቀረጻችሁት?”

“የቱ ቪዲዮ?”

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሰምቼ አውቃለሁ፤ ላካኪው ሻይ እየጠጣ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ “አዎ፣ ወዳንቺ እየላከክን ነው” ሲለኝ ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር። የሚያናድደኝ ውሸቱ ብቻ አይደለም። “ምን ትሆኛለሽ?” ያላት ናት። የዕጩው ስም ስም ነው፣ የኔ ግን የእጅ መጥረጊያ ነው። ከተማውን የሚያውቅ ቢሆን ኖሮ እዚህ አገር ስም ብቻ ይዞ የሚኖር ሰው እንዳለ ይገባው ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ ሱቄ ጭር አለች። የደሎ መና ማር ነጋዴ፣ ያንን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ ተንገላቶ የመጣ ደንበኛዬ፣ በሬ ላይ ደርሶ ቆመ፤ አየኝ፤ ሰላም ሳይለኝ ሁለት በር አልፎ ገባ። ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥቶ ጎባ የሚያስተምር አንድ መምህር ሱቄ ገብቶ በሹክሹክታ “አይዞሽ” አለኝ። ጮክ ብሎ ቢለው ምን ነበረበት? ከዚያ በገበያ ቀን የሰውዬው ደጋፊዎችና የተቀናቃኙ ደጋፊዎች በዚሁ በባነሩ ነገር ተተራረቡ፣ ተሰዳደቡ፣ ድንጋይ ተወራወሩ። አንድ ወጣት ጭንቅላቱን ተፈንክቶ ጎባ ሆስፒታል ገባ።

ያን ጊዜ ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ እጃቸውን እየሳምኩ ነው ያደግሁት። አባቴ አስቀመጧቸውና እኔን ጠሩኝ።

“ያየሽውን ተናገሪ” አሉኝ።

ተናገርኩ። አንድም አልጨመርኩም።

“ልጄ አላጠፋችም” አሏቸው አባቴ።

“እናውቃለን፣ ሀጂ” አሉ ትልቁ ሽማግሌ። “ዋላሂ እናውቃለን። ግን ወጣቱ ሊጨራረስ ነው። ‘ስህተቱ የኛ ነው፣ ዺፋማ’ ብትሉ፣ ይቅር በሉን ብትሉ፣ ነገሩ ይበርዳል። ሰው ለማስታረቅ የተባለች ነገር ከውሸት አትቆጠርም።”

እናውቃለን! ሁሉም ያውቃል! እሱ ያውቃል፣ ሱፍ ለባሹ ያውቃል፣ ሽማግሌዎቹ ያውቃሉ፣ መናኸሪያው ያውቃል። ታዲያ ይሄ ሁሉ አዋቂ የሚሰበሰበው እኔን ለማዋሸት ነው?

“ለምን እሱ ይቅርታ አይጠይቅም?” ብዬ ጮህኩ። “‘ተሳሳትኩ’ ማለት ስንት ፊደል ነው? ሰላሙ የሚያሳስበው ከሆነ እሱ ይበለዋ!”

“ኢንተሎ!” አሉኝ ሽማግሌው። “ልጄ፣ ትልቅ ሰው ባለበት አይጮህም።”

አባቴ አልገሠጹኝም። እኔም “አልልም” ብዬ ወጣሁ። ከኔ ጋር የቆሙ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በኋላ ባለው ቀን አባቴ ኮታቸውን ደርበው፣ ጥምጣማቸውን ጠምጥመው፣ “የተፈነከተውን ልጅ ልጠይቅ ጎባ ልሂድ” አሉኝ። አልዋሹም፤ ጠይቀውታል። ከሆስፒታሉ ሲወጡ የት እንደሚሄዱ ግን አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኋቸው።

የዚያኑ ዕለት ከሰዓት ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ እየሮጠች መጣች። የሰውዬው የጎባ ስብሰባ በቀጥታ እየተላለፈ ነበር። አዳራሹ ሞልቷል። መድረኩ ላይ አባቴ ቆመዋል፤ ማይክሮፎን አያያዝ አያውቁም፤ አንድ አስተናጋጅ አፋቸው ላይ ደግኖላቸዋል።

“ፊደሏን ያጎደለችው ልጄ ናት” አሉ። “ልጅ ናት፣ ተሳስታለች። ዺፋማ። ከእንግዲህ በዚህ ነገር ማንም በማንም ላይ ድንጋይ አያንሳ።”

አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ያ ሰውዬ ብድግ አለ፣ ሮጠ፣ የአባቴን ትከሻ ሳመ፣ ከዚያ ጭንቅላቱን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ካሜራው እስኪጠግብ ድረስ እንደዚያው ቆየ። አባቴ እጃቸውን የት እንደሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነበር።

ማታ ሲገቡ በር ላይ ጠበቅኋቸው። ሰላምታም አላቀረብኩም።

“ለምን? ምን በድዬዎት ነው?”

“ልጁን አየሁት” አሉኝ። “እናቱ ሥሩ ቁጭ ብላ እግሩን ትደባብሳለች። ሌላ ልጅ ከጎኑ እንዳይተኛ ብዬ ነው።”

ይሄ የባሰ አናደደኝ። ጠቡ በእርግጥ ቆሟል፤ ያየሁትን መናገር ስላለብኝ እናገራለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ድንጋይ የተወረወረ የለም። ግን ያንን ጠብ ለማቆም የሰውዬው አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። እሱ ከራሱ ምንም ሳያወጣ፣ አባቴ ዕድሜ ልካቸውን ያጠራቀሙትን ባንዴ አስወጣቸው።

ጉዱ ገና አላለቀም። ሁለት ቀን ቆይቶ ከሰውዬው ቢሮ አንድ ተላላኪ ፍላሽ ይዞ ሱቄ መጣ። “ከታረቅን አይቀር ሥራው ላንቺ ይሰጥ ተብሏል” አለኝ። ፍላሹን ከፈትኩት። ያቺው ፎቶ ናት፤ የሰውዬው ጭንቅላት አባቴ ትከሻ ላይ። ከሥሯ “ዹጋ”። አሁን ሁለቱም “ኣ” በቦታቸው ነበሩ፤ ለካስ ማረሙን ይችሉበታል።

ፍላሹን ነቅዬ አስፋልቱ ላይ ወረወርኩት። “ውጣልኝ!” አልኩት። ወጣ። ሌላ ቦታ አሳተሙት።

ከሮቤ እስከ ጎባ አባቴ ያልተለጠፉበት ምሰሶ አልነበረም። ባጃጆች ጀርባ ላይ ነበሩ። ሥጋ ቤት በር ላይ ነበሩ። እውነትን ለማስመስከር አባቴን የለጠፉት በሕይወታቸው የዋሹባትን ብቸኛ ቀን ፎቶ አንስተው ነው። እሳቸው ለዙሁር ሶላት ሲሄዱ ዋናውን መንገድ ትተው በጓሮ በኩል መዞር ጀመሩ። ጭቃ ነው፤ ጫማቸውን አበላሽተው ይመለሳሉ፤ አንድም ቀን ለምን እንደሚዞሩ አልተነጋገርንም።

ሰውዬው ተመረጠ። ዘመዶቼ ሊያጽናኑኝ “እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል” ይሉኛል። እያደር! እስኪጠራ ድረስ የሚደፈርሰው የማን ቤት ነው? ንጋቱ ሲመጣ ሰውዬው ወንበሩ ላይ ሆኖ ይጠብቀዋል፤ እኛ ግን የጨለማውን ዋጋ በገዛ ስማችን ነው የከፈልነው።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ሰዎች ቤታችን መጡ። የድሮ የእርሻ ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ በመሃላቸው ያለው ድንበር በትራክተር ተገፍቶ ተጣልተዋል። አንደኛው “የድንበሩ ድንጋይ የት እንደነበር ሀጂ ያውቃሉ፤ መጥተው ያሳዩን” አለ። ሌላው ወደ መሬት እያየ የሻይ ብርጭቆውን ያዟዙር ጀመር። ቃላቸውን ማመን እንዳቃተው ገባኝ። አባቴም ገባቸው።

“ሌላ ሰው ፈልጉ” አሏቸው።

ያ ድንጋይ ሲተከል አባቴ እዚያው ቆመው ነበር። ከሳቸው በቀር ያየ በሕይወት የለም። ሰዎቹ ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነስተው ወጡ። በሩን ዘግቼ አባቴ ላይ ጮህኩባቸው፤ ትልቅ ሰው ላይ አይጮህም፣ እኔ ግን ጮህኩ። “አይተዋል አይደል? ያዩትን ለምን አይናገሩም? ይሂዱ እንጂ!”

ቀና ብለው አዩኝ።

“ሄጄ ምን ልበላቸው፣ ልጄ?” አሉኝ። “‘የዛሬውስ እውነት ነው’ ልበላቸው?”