ሰዓዲያ ያልነካቻት ቁልፍ

ከሚሴ ውስጥ እንደ ሰዓዲያ ጣቱ የሚፈጥን ሰው አልነበረም። በሙህዲን የኮምፒውተር ጽሕፈት ሱቅ አራት ዓመት ማመልከቻ ስትጽፍ ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ነው፤ አንድም ቀን ቀና ብላ ስክሪኑን አይታ አታውቅም። «ስክሪን የሚያየው በራሱ የማይተማመን ነው» ትላለች። ኩራቷ ከፍጥነቷ ይብስ ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ሙህዲን ሱቁን ዘግቶ ባቲ ሊገባ ሆነ። ደግነቱ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚሠራ አንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሊቀጥር ፈተና አወጣ። ይሄ ካመለጣት ጨፋ ሮቢት ተመልሳ የአጎቷን ፍየሎች ማገድ ነው፤ ሰዓዲያ ደግሞ ፍየል አትወድም፤ ፍየሎቹም አይወዷትም።

ፈተናው አንድ ገጽ የአማርኛ ደብዳቤ በአሥር ደቂቃ መጻፍ ነው። በስድስት ጨርሳ እጇን አጣምራ ተቀመጠች። ወረቀቱ ታትሞ ሲወጣ ግን ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደል!

ነገሩ እንዲህ ነው። የሱቁን ኮምፒውተር ሙህዲን ገና ሲከፈት አማርኛ እንዲጽፍ አስተካክሎታል። የመሥሪያ ቤቱ ግን ከፋብሪካ እንደወጣ ነው፤ አዲስ መስኮት በተከፈተ ቁጥር በላቲን ይጀምራል፤ አማርኛ የፈለገ አንዲት ቁልፍ መንካት አለበት። ሰዓዲያ ያቺን ቁልፍ በዕድሜዋ ነክታት አታውቅም። አማርኛው የሚተየበው ደግሞ ድምፁ በሚመስለው የላቲን ፊደል ነው፤ ቁልፏ ካልተነካች ያው አማርኛ በላቲን ተጽፎ ይወጣል።

የአማርኛው ፈታኝ አቶ ባንተይርጋ ወረቀቱን አዩና «ይሄማ ኦሮምኛ ነው፤ እኔን አይመለከትም» ብለው ለኦሮምኛው ፈታኝ ለሙሀመድኑር አሻገሩት። ሰዓዲያ ክው አለች።

ሙሀመድኑር የተማረው በቁቤ፣ ማለትም ኦሮምኛ በሚጻፍበት በላቲን ፊደል ነው። የአማርኛ ፊደል ራሱን ያዞረዋል፤ ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ጎረቤት ቢሮ ወስዶ ያስነብባል። ጮክ ብሎ ጀመረ።

«ጉዳዩ፦ የተሰበሩ ወንበሮችን ይመለከታል...» ቆም አለ። «ማል ጄቹዳ? ምን ማለት ነው ይሄ? ቁቤ እያነበብኩ አማርኛ ይሰማኛል!»

«አማርኛ ስለሆነ ነዋ» አለች ሰዓዲያ፣ ድምጿ ቀጥኖ።

«ዜሮ!» አሉ አቶ ባንተይርጋ። «አንድ የአማርኛ ፊደል የለበትም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች!»

ሙሀመድኑር ግን እስከ መጨረሻው አነበበው፤ ፊቱ በራ። «ወላሂ፣ ጋሼ ባንተይርጋ፣ የአማርኛ ደብዳቤ ያለ አስነባቢ ሳነብ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው! አንድ ስህተት የለበትም። ይቺን ልጅ ከጣልናት እኔም ሥራዬን እለቃለሁ!»

አቶ ባንተይርጋ እያጉረመረሙ ቁልፏን አሳዩዋትና ደግማ ጻፈች፤ በአምስት ደቂቃ።

ተቀጠረች። አሁን እያንዳንዱን ደብዳቤ ሁለቴ ትጽፈዋለች፤ ቁልፏን ነክታ ለአቶ ባንተይርጋ፣ ሳትነካ ለሙሀመድኑር። የግል ማኅደሯ ላይም «የምትችላቸው ቋንቋዎች» በሚለው ቦታ ሦስት ተጽፎላታል፦ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ የሙሀመድኑር አማርኛ።