ለራሴ ነው

ሰፊዋ ነበር የሚሏት። በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ክፍል ጎን፣ አንዲት መስኮት ብቻ ባላት ክፍል ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የተቀደደ አንሶላ ስትጥፍ፣ የሐኪም ጋውን ቁልፍ ስትተክል የኖረች ሴት ናት። መስኮቷ ከፍ ያለች ስለነበረች ከውጭ የምታሳየው የሰው እግር ብቻ ነው። ሰፊዋ ግን ፊት ማየት አያስፈልጋትም፤ አራስ ሊጠይቅ የመጣውንና ሬሳ ሊቀበል የመጣውን በአረማመዱ ትለየው ነበር።

ባሏ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነው። የሚያስተምረው ሥነ ምግባር ሲሆን፣ ተማሪዎቹ «ከራስ በላይ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። በየዓመቱ በመጀመሪያው ቀን ክፍል ይገባና ሳይናገር ሰሌዳው ላይ «ከራስ በላይ ንፋስ» ብሎ በትልቁ ይጽፋል። ከዚያ ጠመኔውን አስቀምጦ እጁን ያራግፍና፣ «ከእናንተ መሃል ለራስ ተብሎ ያልተሠራ አንድ ሥራ፣ አንድ ብቻ፣ የሚያመጣልኝ ካለ ዓመቱን ሙሉ መቶ ከመቶ እሰጠዋለሁ» ይላል።

ተማሪዎቹ ይሞክራሉ። አንዱ እናት ናት ይላል። «ሕፃኑ ሲያለቅስ አንጀቷ የሚላወሰው የማን ነው? የሷ። ሕመሟን ልታስታግስ ነው የምታጠባው» ይላል መምህሩ። ሌላው፣ የማያውቀውን ሰው ለማዳን ወንዝ ውስጥ የሚዘለውን ያነሳል። «ባይዘል ዕድሜ ልኩን ሊጸጸት ነው። ከጸጸት ሲሸሽ ነው ወንዝ የገባው።» ክፍሉ በሳቅ ያውካካል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ መቶ ያገኘ ተማሪ የለም።

ክፉ ሰው ግን አልነበረም። አይጠጣም፣ እጁን አያነሳም፣ ደሞዙን አይደብቅም። ሱሱ መርታት ነው። የትምህርት ቤቱ ደወል ሲደወል የሚያባራ ሱስ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምንም አልነበረ። እሱ ግን ክርክሩን እንደ ኮቱ ለብሶት ቤት ይገባል።

በተጋቡ በሁለተኛው ወር ሰፊዋ ዝናብ ለደበደባቸው አንዲት አሮጊት ጃንጥላዋን ሰጥታ፣ ራሷ ውሃ ውስጥ የወደቀች ድመት መስላ ቤት ገባች። መምህሩ ፎጣ እያቀበላት፣ «ለማን ብለሽ ነው?» አላት።

«ለማን ይሆናል? ለሳቸው ነዋ!»

«አይደለም። ባትሰጪ ኖሮ ሲቆጭሽ ሊያመሽ ነው። በአንድ ጃንጥላ የአንድ ምሽት ሰላም ገዛሽ፤ ርካሽ ነው።»

ሳቀች። አዲስ ሙሽራ ናት፤ ባሏ ብልህ መሆኑ ያኮራት ነበር። እናቱ ታመው ሦስት ወር ሙሉ ስታስታምማቸው፣ «ጥሩ ምራት ለመባል ነው» ሲላት ግን አልሳቀችም። አንድ ጊዜ እልህ ይዟት፣ «አንተስ ይሄን የምታስተምረው ለማን ብለህ ነው?» አለችው። «ለራሴ ነዋ! መርታት ደስ ይለኛል!» ብሎ ጮቤ ረገጠ። መያዣ የለውም፤ ሲይዙት ያሙለጨልጫል።

የውሃ ጠብታ ድንጋይ ይሰረስራል። ከዓመታት በኋላ መምህሩ ሳይናገርም ድምፁ ውስጧ ይናገር ጀመር። ለማንም ሰው እጇ ሲዘረጋ «ለማን ብለሽ?» ይላታል።

ከሕንፃቸው ምድር ቤት ስልክ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ብቸኛ ሴትዮ ይኖሩ ነበር። እግራቸው አብጦ መራመድ ሲያቅታቸው ሰፊዋ አንድ ቀን እያሳለፈች ሾርባ ትወስድላቸው ጀመር። አንድ ቅዳሜ ድስቱን በፎጣ ጠቅልላ ደረጃውን ስትወርድ፣ ከአንዱ በር ጀርባ «ምን ዓይነት ደግ ሴት ናት!» የሚል የጎረቤት ድምፅ ሰማች። ልቧ ሞቅ አለ። ወዲያው ያ ድምፅ፣ «ይኸው! ይቺ ናት ደሞዝሽ» አላት። ደረጃው መሃል ቆመች። ብወርድ ለሙገሳ ብዬ ነው፤ ብመለስ ቢያንስ አስመሳይ አልሆንም ብላ አሰበች። ድስቱ እጇን እስኪያቃጥላት ቆየችና ወደ ላይ ተመለሰች።

«ምነው፣ የሉም?» አላት ባሏ።

«አሉ።»

«ታዲያስ?»

«ደስ ሲለኝ ራሴን ያዝኩት።»

መምህሩ ዕንባው እስኪመጣ ሳቀ። «ከተማሪዎቼ ሁሉ አንቺ በለጥሽ!» አለ። ሾርባውን ሁለቱ ጠጡት።

ከዚያ ወዲያ የሴትዮዋን በር አላንኳኳችም። ከወር በኋላ የሩቅ ዘመዶቻቸው መጥተው ወደ አረጋውያን መጦሪያ ሲወስዷቸው መግቢያው ላይ ተገናኙ። ሴትዮዋ እጇን ይዘው፣ «ልጄ፣ ምን አጥፍቼብሽ ነው?» አሏት። ሰው ተበድሎ ምን በደልኩ ሲል መስማት እንዴት እንደሚያንገበግብ ያን ቀን አወቀችው።

መምህሩ አንድ ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው ፊት ወደቀ። ተማሪዎቹ ለትምህርቱ ብሎ የሚያስመስል መስሏቸው ለአፍታ ሳቁ አሉ። በአምቡላንስ የመጣው ሰፊዋ ወደምትሠራበት ሆስፒታል ነበር። የማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ፣ ክንደ ጠንካራና ድምፀ ጎርናና ሴት፣ በሩ ላይ ቆማ «ተነሺ፣ ባልሽን አምጥተውታል» አለቻት። ስትደርስ በገዛ እጇ በጣፈችው አንሶላ ላይ ተኝቶ አገኘችው። ስትሮክ ነው ተባለ። ቀኝ ጎኑ ሽባ ሆነ፤ አፉ ተጣመመ። ያ ጅረት የነበረ አንደበት ቃል በቃል፣ ስባሪ በስባሪ የሚወጣ ሆነ።

ሥራዋን የጡረታ ጊዜዋ ሳይደርስ ለቀቀች። በየሁለት ሰዓቱ ታገላብጠዋለች፤ ጀርባው እንዳይቆስል ትቀባዋለች፤ በማንኪያ ታጎርሰዋለች፤ የፈሰሰውን ከአገጩ ትጠርጋለች። ሳሙናው ጣቶቿን ሰነጣጠቃቸው።

አንድ ልጅ አለቻቸው፣ ሩቅ አገር የምትሠራ። አባቷ ከወደቀ በሦስተኛው ሳምንት ደወለች። ሰፊዋ እሱም ይስማ ብላ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጋ ትራሱ ላይ አስቀመጠችው።

«እማዬ፣ እመጣለሁ ብዬ ልዋሽሽ አልችልም» አለች ልጂቱ። «አሁን ብመጣ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል። ለይሉኝታ ብዬ መጥቼ ብማረር ለማን ይበጃል? አባዬ ይገባዋል። እሱ ነው ያስተማረኝ።»

ሰፊዋ ባሏን አየችው። ደህናው ዓይኑ ጣሪያው ላይ ተተክሏል። «ልክ... ነች» አለ።

በስድስተኛው ወር ነው፣ ከምሳ በኋላ። ሳፋውን አልጋው አጠገብ አስቀምጣ እግሩን እያጠበችው ሳለ፣ ትክ ብሎ ሲያያት ቆየና «ለ...ምን?» አለ።

«ምኑ?»

በግራ እጁ እግሩን፣ ሳፋውን፣ ከዚያ እሷን አመለከተ። «ይሄ... ሁሉ። ለ...ምን?»

አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። ስለምወድህ ብትለው ያልቃል። ሰፊዋ ግን እንዲህ ያለ ነገር እንደዋዛ መናገር ከተወች ቆይታለች። ልቧን ልክ እንደ ልብስ ገልብጣ ስፌቱን ፈተሸችው። ሰው ምን ይለኛል የሚል ፍርሃት አገኘች። ባዶ ቤት መፍራትን አገኘች። ልማድንም፣ ቁጣንም አገኘች። ፍቅርም እዚያው የሆነ ቦታ ይኖር ይሆናል፤ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ ብቅ ባለ ቁጥር ሌላ ስም ሲወጣለት ስለኖረ፣ ብታየውም አትለየውም።

«ለራሴ ነው» አለችው።

ራሱን ነቀነቀ። «አይ...ደለም።»

«ነው እንጂ። ትቼህ ብሄድ በሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ? ሰውስ ይቅር፣ ሕሊናዬ ያስቀምጠኛል?»

«ት...ወጂ...ኛለሽ።»

«ብወድህስ? መውደድ የሚጥመው ለማን ነው? ለወዳጁ አይደለም? አንተ ነህ ያልከው።»

መምህሩ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ሌላ ማስረጃ ፈለገ። የተሰነጣጠቁ ጣቶቿን ያዘ፤ አጥብቆ ያዘ። «ያ...ምሻል» አለ። «ደስ... አይ...ልሽም። ያም...ሻል።» ዓይኑ በተስፋ ሞላ፤ ትክክለኛውን ምሳሌ ያገኘ ተማሪ መሰለ።

«ብተውህ የበለጠ ያመኛል» አለች ሰፊዋ በዝግታ። «ከሁለት ሕመም ትንሹን መረጥኩ።»

ክፍል ውስጥ ሲሰጥ የኖረው የራሱ መልስ ነበር፣ ቃል ሳይጎድል፣ ቃል ሳይጨመር። ጣቶቿን ለቀቃቸው። ከሽባው ዓይኑ ዕንባ ወርዶ ጆሮው ውስጥ ገባ። ሰፊዋ በፎጣው ጫፍ ጠረገችለትና የቀረውን እግር አጠበች።

በማግስቱ ፋሻ ለመውሰድ ሆስፒታል ሄዳ ነገሩን ሁሉ ለማጠቢያ ክፍሉ ኃላፊ ነገረቻት። ኃላፊዋ ከእንፋሎቱ መሃል የታጠበ አንሶላ እያወጣች፣ «አንቺ ሴት፣ አእምሮ የለሽም እንዴ?» ብላ ጮኸችባት። «ዋሽተሽስ ቢሆን ምን ነበረበት? ለማን ተብሎ ተሠራ እያልሽ ምን ያንገላታሻል? አንሶላ ለምን አጠባችሁኝ ብሎ ይጠይቃል? ነጣ አልነጣም ነው!»

«አንሶላ አይጠይቅም» አለች ሰፊዋ። «እሱ ጠየቀኝ።»

«እንግዲያው ሂጂና መልሽለት! እወድሃለሁ በይው። ምላስሽ አይቆረጥም!»

ሰፊዋ መንገዱን ሙሉ ቃሉን እየተለማመደች ሄደች። እወድሃለሁ። አፏ ውስጥ የሰው ጥርስ ይመስል አልገጥም አላት። ያን ቀን አልደፈረችም። በማግስቱ ጠዋት ግን ፊቱን አጥባው፣ ትራሱን አስተካክላ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«የዚያን ቀን ያልኩህን እርሳው» አለችው። «ስለምወድህ ነው።»

መምህሩ አያት። ሊያምናት ፈልጎ ነበር፤ ይህን ፊቱ ላይ አይታለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። ግን ሠላሳ ዓመት የሳለው ቢላ ለባለቤቱም አይራራም። በግማሽ አፉ ፈገግ አለና፣ «ይሄንንስ...» አለ፤ ትንፋሹን ሰበሰበ። «ለ...ማን ብለሽ?»

እውነቱን ነበር። ልቧ እንዲቀላት ብላ ነው የተናገረችው። ቀና ብላ ልታየው አልቻለችም።

ከዚያ ቀን በኋላ መምህሩ መናገር ተወ። ሐኪሙ ምላሱ አልባሰበትም አለ። ማንኪያው ሲቀርብለት ከንፈሩን ይገጥማል፤ ስታገላብጠው ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሁለት ወር እንዲህ ሆኖ ቆየና አንድ ከሰዓት፣ እሷ መስኮቱን ልትከፍት ስትነሳ አረፈ። ዘወር ስትል አልቋል።

ለቀብር ብዙ ሰው መጣ። የቀድሞ ተማሪዎቹ ጥግ ይዘው የክፍሉን ቀልድ እያስታወሱ በዕንባ መሃል ሳቁ። ጎረቤቱ ሁሉ እጇን እየጨበጠ፣ «እንዳንቺ ያለች ሚስት የት ትገኛለች? ጻድቅ ነሽ» ይላት ነበር። እያንዳንዱ ሙገሳ እንደ መርፌ ጣቷን ወጋት። ማንንም አላረመችም።

ልጇ ለሦስት ቀን መጣች። ጥሩ ልጅ ናት፤ አለቀሰች፣ ቤቱን አጸዳች፣ የአባቷን ልብስ አጣጥፋ በካርቶን አሸገች። በሦስተኛው ቀን ሰፊዋን ይዛት ወጣች።

«እማዬ፣ በቃሽ» አለቻት። «ዕድሜሽን ሙሉ ለሰው ኖርሽ። አሁን ለራስሽ ኑሪ።»

ትልቅ የልብስ መደብር አስገባቻት። ቀሚሶች በረድፍ ተሰቅለዋል፣ ሰማያዊው፣ ቡኒው፣ ባለ አበባው። ሰፊዋ ጨርቅ ታውቃለች። እያንዳንዱን ጫፉን ገልብጣ ዳሰሰች፤ ይሄ ሁለቴ ሲታጠብ ይለቃል፣ ያኛው ክሩ ደካማ ነው፣ የዚህኛው እጅጌ ዘመም ብሎ ነው የተሰፋው አለች።

«እሱን አይደለም የጠየቅኩሽ» አለች ልጂቱ እየሳቀች። «አንቺ የትኛውን ትፈልጊያለሽ?»

ሰፊዋ ቆመች። ከልቧ አሰበች። ወደ ሰማያዊው እጇን ዘረጋች፤ ልጇ ደስ እንዲላት ብላ እንደሆነ ገባትና እጇን መለሰች። ወደ ቡኒው ዞረች። ሻጯ እየጠበቀች ነው። ከኋላቸው ሌላ ደንበኛ ጉሮሮዋን ጠረገች።

«እማዬ?»

«እኔ እንጃ» አለች ሰፊዋ። «እውነቴን ነው፣ ልጄ። አላውቅም።»

ልጂቱ ሰማያዊውን መረጠችላት። በማግስቱ ጠዋት ወደምትሠራበት አገር በረረች።