በፎሌ የወረደች ቮልስ

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ ናሆም በአዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናው ከአሰላ ወደ አዳማ ይዞኝ ወረደ። ጥሩ መኪና ናት። አሮጌ መኪና ስለምወድ ሰው ኤሌክትሪክ የምጠላ ይመስለዋል፤ አልጠላም። የምጠላው የደከመ ሞተር ቀለም ቀብቶ "ከአዲስ አይለይም" የሚለውን ደላላና ያረጀ ሁሉ ገዳይ ነው ባዩን ነው። ኢተያን አልፈን ቁልቁለቱ ሲጀምር ናሆም ማርሹን አወጣና ፎሌ አደረጋት።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ባትሪ ልቆጥብ ነዋ።"

ደሜ ፈላ። መኪናዋ ማርሽ ላይ ሆና ብትወርድ ሞተሯ ራሱ እየያዛት ባትሪዋን ይሞላል፤ በፎሌ ግን ዝም ብላ ትንከባለላለች። ያናደደኝ ግን ባትሪው ብቻ አልነበረም። ቁልቁለቱን አውቀዋለሁ።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አባቴ በዕድሜ የምትበልጠኝ አረንጓዴ ቮልስ ነበረችው፤ ፍሬኗ ስለደከመ ሊሸጣት ቆርጦ ነበር። እኔ ደግሞ ጋራዥ ውስጥ ሳልቀጠር፣ ዘይት ከጠጣ አንድ የጥገና መጽሐፍና ከራሷ ከቮልሷ ነበር ሙያውን የተማርኩት። እኔ ልሥራት ብዬ ለመንኩት።

"አዳማ ደርሳ በደህና ከተመለሰች ያንተ ናት" አለኝ።

ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። አራቱንም ታምቡር ፈትቼ የፍሬን ሸራዎቹን ለወጥኩ። የፍሬን ዘይቱ ውስጥ አንዲት የአየር ፊኛ እስክትጠፋ ድረስ፣ እህቴን ፔዳል እያስረገጥኩ አየሩን አስወጣሁ። ከዚያ ብቻዬን እስከ ሳጉሬ ነድቼ ሞከርኳት፤ ፍሬን ስረግጥ ቀጥ ትላለች።

አባቴ ግን እስከ አዳማ እንዲነዷት ጋሽ ተሾመን አመነ። ጋሽ ተሾመ የአባቴ ጓደኛ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን በዚያ መንገድ ላይ የጨረሱ፣ የከተማውን ግማሽ መንዳት ያስተማሩ ሰው። ህዳር ነበር፤ በግራ በቀኝ ስንዴው ቢጫ ሆኗል። አባቴ የእናቴን ጭኮ በልቶ ጠግቦ ከፊት ወንበር ላይ እንቅልፍ ወሰደው። ኢተያን እንዳለፍን ጋሽ ተሾመ ማርሹን አወጡ።

"ጋሼ፣ በማርሽ ቢወርዱ ይሻላል። ፍሬኑ ይግላል" አልኳቸው ከኋላ።

"ቤንዚኑን አንተ ነህ የምትሞላው? እኔ መሪ ስይዝ አባትህ እናትህን እንኳ አያውቃትም ነበር!" ብለው ሳቁ።

ፍሬን ይረግጣሉ፣ ይለቃሉ፣ ይረግጣሉ። መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው፤ የተቃጠለ ሸራ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከዚያ ፔዳሉን ቢረግጡት ቢረግጡት ፍሬኗ አልይዝ አለ። ማርሽ ሊያስገቡ ቢታገሉ ጥርሱ ተንጫረረ እንጂ አልገባም። የመንገዱን ዳር ቦይ ዘላ ባሕር ዛፍ ላይ ተላተመች።

አባቴ ከእንቅልፉ የነቃው ግንባሩ ደም ለብሶ ነው። ገበሬዎች ሮጠው መጡ። ጋሽ ተሾመ ወረዱና በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፦

"ይኸው! በመጽሐፍ የተሠራ ፍሬን!"

አባቴ ዞሮ አየኝ። የማርሹ ዘንግ ፎሌ ላይ እንደቆመ ነበር፤ አባቴን ጎትቼ ላሳየው እችል ነበር። ነገር ግን ትልቅ ሰው በሰው ፊት አይዋረድም ተብዬ ነው ያደግኩት። ዝም አልኩ። ቮልሷ በወሩ ለብረት ተሸጠች።

ኋላ የራሴን ጋራዥ ከፈትኩ። የማያውቁኝ ሰዎች መኪናቸውን አምነው ይሰጡኛል። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ፣ እኔ በሠራኋት መኪና ቁልቁለት በወረድን ቁጥር እጁን ከእጅ ፍሬኑ ላይ አያነሳም ነበር። እጁን ብቻ እዚያ ያደርጋል።

"ናሆም፣ በፎሌ መውረድ ማን አስተማረህ?" አልኩት።

"ጋሽ ተሾመ ናቸዋ! ነፍሳቸውን ይማርና፣ በዕድሜያቸው የደረሰባቸው አደጋ አንድ ብቻ ነው። እሱም የሆነ ልጅ ፍሬናቸውን አበላሽቶባቸው ነው ይሉን ነበር።"

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዝምታዬን አክብሮት ነበር የምለው። ለካ እኔ ዝም ባልኩበት ዓመት ሁሉ እሳቸው በፎሌ መውረድን ያስተምሩ ኖሯል። ቮልሷ የዘለለችው ቦይ ጋ ለመድረስ አንድ ሁለት መቶ ሜትር ይቀረን ነበር።

"ልጁ እኔ ነኝ" አልኩት። "ማርሽ አስገባ።"

ሳቀ፤ የምቀልድ መስሎት።

"አስገባ አልኩህ!" ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ናሆም ማርሹን አስገባ። መኪናዋ ቀስ ብላ ራሷን ያዘች። እኔ ግን እጄን ሳየው፣ ለካ እንደ አባቴ እጅ ቅድም ጀምሮ የእጅ ፍሬን ሲፈልግ ነበር።