ለማማው የተመነጠረው መሬት

እንጅባራ፣ ከልብስ ስፌት ሱቄ ፊት ለፊት፣ ሁለት የስልክ ድርጅቶች ጃንጥላ ዘርግተው ሰው ይሻማሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ በነጻ ማስታወቂያ አልሠራላቸውም። አንዱ ድምፅ ማጉያ ሲከፍት ሌላው ከሱ አስበልጦ ይከፍታል። አንዱ ሲም ካርድ በነጻ ሲሰጥ ሌላው ቲሸርት ይጨምርበታል። እኔም የሁለቱንም ሲም አውጥቻለሁ፤ በቲሸርቱ ሱቄን እወለውልበታለሁ። በሁለቱም መለመኑ መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። አሁን ጩኸታቸውን ስሰማ ያንገፈግፈኛል።

የአባቴ ቀበሌ ከጥርባ ወዲያ፣ ሸለቆ ውስጥ ነው። እዚያ የአንዳቸውም ኔትወርክ የለም። መደወል የፈለገ ሰው ዳገቱን ወጥቶ ጫፉ ላይ መቆም አለበት። ለጤነኛ ሰው ምንም አይደለም። ታላቅ እህቴ ግን ምጥ ጠንቶባት፣ አምቡላንስ የሚጠራላት ሰው ዳገቱን ሲወጣ፣ በቃሬዛ እንደተሸከሟት መንገድ ላይ ሞተች። ከዚያ ወዲህ አባቴ የኔትወርክ ማማ፣ ማማ እንዳሉ ነው። ለታናሽ እህቴ ሽማግሌ ሲላክ እንኳ፣ "ለመሆኑ እናንተ ቤት ስልክ ይሠራል?" ብለው ጠየቁ። ሽማግሌዎቹ የዚያው ሸለቆ ሰዎች ስለነበሩ ቤቱ በሳቅ ሞላ። እሳቸው አልሳቁም።

ታናሽ እህቴ እንዳረገዘች ሰሞን ከአንደኛው ድርጅት ባለሙያዎች ለጥናት መጡ። የአባቴ ማሳ ላይ ቆመው መሣሪያቸውን ወዲያ ወዲህ አዞሩና፣ "አባባ፣ ይኼ ጥሩ ቦታ ነው" አሏቸው። እርጎ ጠጥተው ሄዱ። የተባለው ይኸው ብቻ ነው። በእኛ አገር ግን ሰው ቤትህ ገብቶ፣ እርጎህን ጠጥቶ "ጥሩ ነው" ካለ ነገሩ አልቋል። አባቴ ሳምንት ሳይሞላ መጥረቢያ አነሡ። ቦታው ላይ ለከሰል የተከሉት ዲከረንስ ነበር፤ ገና ለጋ፣ ለከሰል ለመድረስ ዓመታት የሚቀሩት ግራር። ጨፈጨፉት። ሥሩን ሳይቀር ነቅለው መሬቱን እንደ አውድማ ጠረጉት።

"እንግዳ መጥቶ ቦታ አጥቶ ይመለስ እንዴ?" አሉኝ ስጠይቃቸው።

የዕድሜ እኩያቸው የሆነ ጎረቤት ግን በአጥሩ በኩል ሲያልፍ፣ "ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ!" ብሎ ቀለደባቸው።

የፊተኞቹ አልተመለሱም። ከወራት በኋላ የሌላኛው ድርጅት ሰዎች መጡ። እኔም እህቴን ልጠይቅ ሄጄ እዚያው ነበርኩ። ከመኪና ወርደው የተጠረገውን መሬት አዩና አንዱ፣ "ይኼ ቦታ ተይዟል እንዴ?" ሲል ጠየቀ። አባቴ እንግዳ ሲመጣ ብቻ በሚያወጡት አማርኛቸው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ "አዎን፣ ለማማው ነው! ሰዎቹ አይተው ወደውታል" አሉ።

ሰውዬው ወደ ጓደኛው ዞረ። "በቃ ቀድመውናል። ለዚህች ቀበሌ ሁለት ማማ አያዋጣም" አለና ተመልሰው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። "ኧረ አልተሠራም! እናንተ ሥሩት!" እያልኩ ተከትያቸው ሮጥኩ። አቧራቸውን ቅሜ ተመለስኩ።

ለእንጅባራ ግን ሁለት ማማ ያዋጣል። ትከሻ ለትከሻ ቆመው አያቸዋለሁ። በሬዲዮ፣ ውድድር ለሕዝብ ይጠቅማል ይሉናል። የአባቴ ሸለቆ ሕዝብ አይደለም ማለት ነው። የጠገበውን ሰው በሁለት እጅ ያጎርሳሉ፣ የራበውን ግን አንተ አጉርሰው፣ አንተ አጉርሰው ተባብለው ያልፉታል።

እህቴ ምጥ የያዛት በጠራራ ፀሐይ፣ አብዛኛው ሰው ገበያ በሄደበት ቀን ነው። ባሏ ዳገቱን ሮጦ ወጣ፤ ስልኩ እየተቆረጠበት እየደጋገመ ደወለ። አምቡላንሱ ሲደርስ ልጁ ተወልዶ ነበር። አልተነፈሰም። እህቴ ተረፈች። "ተመስገን በሉ፣ እናትየዋን አትርፎልናል" አሉን ሊያጽናኑን የመጡት። ተመስገን አልኩ፤ ከልቤ ግን አልነበረም።

ክረምት ሲገባ የዲከረንስ ችግኝ ገዝቼ፣ በባጃጅ አስጭኜ ለአባቴ ወሰድኩላቸው። ባዶውን መሬት ጎርፍ መሸርሸር ጀምሮ ነበር።

"በቃ ይትከሉት" አልኳቸው። "ማንም አይመጣም። እኔ ከተማ ተቀምጬ አያቸው የለም እንዴ? እርስዎ መኖርዎንም ረስተውታል!"

ሳላስበው ጮኼባቸው ነበር። አባቴ አልተቆጡም። ከችግኙ አንዱን አንሥተው ሥሩን አገላብጠው አዩና መልሰው አስቀመጡት።

"አይ ልጄ" አሉኝ በአገውኛ። "እህትሽ እኮ ገና ልጅ ናት፤ ደግማ ትወልዳለች። ደሞስ ሁለት ናቸው ብለሽኝ የለ? አንዱ ቢቀር አንዱ መምጣቱ አይቀርም።"