የእህቴ መጋረጃ

ባለፈው ሳምንት የቆየ ልብስ ስለይ ያች ሰማያዊ ደብተር ከቦርሳ ውስጥ ወጣችብኝ። ጎንደር፣ ቁስቋም ሰፈር ከእህቴ ጋር ተከራይተን የኖርንባት ክፍል የእርጥበት ሽታ እስካሁን አለቀቃትም። ስገልጣት በየገጹ በእኔ ጽሕፈት ያው አንድ ቃል ተደርድሯል፦ ሸጋ፣ ሸጋ፣ ሸጋ።

አባታችን ከዳባት ገጠር ለትምህርት ጎንደር ሲልከን እህቴ አሥራ ዘጠኝ፣ እኔ አሥራ አራት ዓመታችን ነበር። እህቴ አንድ ቀን ትስቃለች፣ ቤቱን ታጥባለች፣ ሹሩባ ትሠራኛለች፤ በማግስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትውላለች። ጤና ጣቢያ ይዣት ሄድሁ። ሲስተሯ ደብተር ሰጠችኝና፣ «በየቀኑ እንዴት እንደዋለች እየጠየቅሽ ጻፊ፤ በወሩ ይዘሽልኝ ነይ» አለችኝ።

ቀላል መስሎኝ ነበር። እኛ አገር ግን «እንዴት ዋልሽ?» ሲባል መልሱ አንድ ነው፤ እግሩ የተሰበረም ሰው መጀመሪያ ደህና ነኝ ይላል። እህቴም ከብርድ ልብሱ ሥር ሆና፣ «ሸጋ ነኝ፣ ተመስገን» ትለኛለች። እኔም እጽፋለሁ። እውነቱን ለመናገር እንድትዋሸኝ እፈልግ ነበር። አባቴ መታመሟን ከሰማ ሁለታችንንም ከትምህርት አስወጥቶ ይወስደናል ብዬ እፈራ ነበርና። ሲደውል፣ «እህትሽ ምነው ድምጿ ጠፋ?» ይለኛል። «ሸጋ ናት አባ፣ ፈተና ይዟት ነው» እለዋለሁ።

እውነቱን የሚነግረኝ የመስኮታችን መጋረጃ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ የአጥሩ በር ላይ ቆሜ እሱን አያለሁ። ከተከፈተ እሮጣለሁ። ከተዘጋ ውስጥ ምን እንደሚጠብቀኝ እየፈራሁ እጄን በሩ ላይ አድርጌ እቆማለሁ።

አንድ ከሰዓት መጋረጃው ተዘግቶ፣ በሩ ግን ገርበብ ብሎ አገኘሁት። አልጋው ባዶ ነው። ጫማዋ አለ፣ ነጠላዋ አለ፣ እሷ የለችም። በዝናቡ እየተጣራሁ እስከ ቁስቋም ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ግንብ ድረስ ሮጥሁ። በባዶ እግሯ ግንቡን ተደግፋ ተቀምጣለች። «እታለም!» አልሁ። ከንፈሯ እየተንቀጠቀጠ ቀና ብላ አየችኝ።

«ሸጋ ነኝ» አለችኝ።

በማግስቱ ስለ መጋረጃው ለሲስተሯ ነገርኋት። ደብተሯን አገላብጣ ዘጋቻትና፣ «ይኸን ነበር መጻፍ» አለችኝ። ለአባቴም ደወልሁ። እንደፈራሁት አልተቆጣም፤ «ምነው ልጄ፣ ይኸን ሁሉ ለብቻሽ?» ብሎ አለቀሰ። እህቴ ሕክምናዋን ጀመረች፤ ትምህርታችንንም ሳናቋርጥ ጨረስን።

ዛሬ እህቴ ከልጆቿ ጋር እዚሁ ጎንደር፣ ፀዳ ሰፈር ትኖራለች። ሕመሙ ይመጣል፣ ይሄዳል። እሁድ እሁድ ስጠይቃት ከባጃጁ ሳልወርድ ዓይኔ መስኮቷን ይፈልጋል። መጋረጃው ሁልጊዜ ክፍት ነው። ስንት ዓመት በዚያ መስኮት ተጽናናሁ!

ከትናንት በስቲያ እሁድ ደብተሯን ወስጄ አሳየኋት። ብዙ ሳቀች። ኋላ ገጹን በጣቷ እየዳበሰች፣ «መጋረጃውን እኮ አንቺ ስትመጪ ነው የምከፍተው፤ እንዳትፈሪ ብዬ» አለችኝ።

ትናንት ሰኞ ሳልደውል ሄድሁ። ልጆቿ ትምህርት ቤት ናቸው። መጋረጃው ተዘግቷል። እንደያኔው እጄን በሩ ላይ አድርጌ ቆምሁ፤ ቢሆንም አንኳኳሁ። ከፈተችልኝና ተመልሳ አልጋዋ ላይ ተቀመጠች። እንዴት ነሽ አላልኋትም። ማበጠሪያውን አነሳሁና ከጀርባዋ ተቀምጬ ጸጉሯን ማበጠር ጀመርሁ።