የእትዬ አስካለ ብልቃጥ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሳምራዊት ከሥራ ስትመለስ መገናኛ ካለ አንድ ሕንፃ የገዛቻትን፣ ከውሃ ብርጭቆ የማትበልጥ ነጭ ማሽን ይዛ ገባች፤ ውሃ ሞላችባት፣ ከትንሽ ጠርሙስ አራት ጠብታ አንጠባጠበችባት፣ ሶኬት ላይ ሰካቻትና «እማ፣ ይኼ ለስትሬስ ነው፣ ሙድሽን ያስተካክልልሻል» ብላ ሶፋው ላይ አስቀመጠችኝ። ሙዴ ምን ሆነ ተብሎ ነው ብዬ ልቆጣት አፌን ስከፍት ከማሽኗ ቀጭን ጉም ተነሣና የባሕር ዛፍ ሽታ የኮተቤውን ሳሎናችንን ሞላው። ቁጣዬን ረሳሁት። ሳምራዊት ማሽኗ የሠራች መስሏት ደስ አላት፤ እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ ቆሜ፣ የዐሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ የእትዬ አስካለን በር እያንኳኳሁ ነበር።

እትዬ አስካለ ከእኛ ቤት ሦስት በር ከፍ ብለው የሚኖሩ፣ ባላቸው የሞተባቸው፣ ልጅ ያልወለዱ ሴት ነበሩ። ጎህ ሲቀድ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱት ሴቶች ጎንበስ ብለው በደጃቸው ሲያልፉ እሳቸው ቀድመው ወጥተው ይጠብቋቸዋል፤ ሸክሙን አስደግፈው ያሳርፏቸውና ማጅራታቸውን በባሕር ዛፍ ዘይት ያሹላቸዋል፣ ሴቶቹም በምላሹ ከሸክማቸው ላይ ቅጠል ቅጠሉን መልምለው ይተዉላቸዋል። እኛ ልጆች መንገድ ላይ የረገፈውን እየለቀምን እንጨምርበታለን። ያን ቅጠል ከውሃ ጋር ማሰሮ ውስጥ ይጥዱታል፣ አፉን በሊጥ ይመርጉታል፣ እንፋሎቱ በሸምበቆ እየተጓዘ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የተነከረ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ከላይ የሚንሳፈፈውን ስስ ዘይት በዶሮ ላባ እያነሡ ወደ ብልቃጥ ያንጠባጥቡታል። ላባው ሲሠራ ትንፋሻችንን እንድንይዝ ያዙን ነበር፤ ለዘይቱ ይጠቅም ይሁን ለእሳቸው ጸጥታ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

የሰፈሩ ሰው ውሎ በእሳቸው ብልቃጦች የተያዘ ነበር። ቁጡው ባለ ሱቅ በሩን ከመክፈቱ በፊት ናና እጁ ላይ ያሻሉ፣ አራሷ ትራስ ላይ ጠጅ ሳር ጠብ ይላል፣ ፈተና ያለብን ልጆች ደግሞ የእጅ አንጓችን ላይ አሪቲ እየተቀባን ወደ ትምህርት ቤት እንወርዳለን። ከሚስቱ ጋር ዘወትር ለሚጨቃጨቀው ጎረቤታችን የሚሰጡትን ግን ለሚስቱ ነበር የሚሰጡት፤ እሱን ቅጠል አይመልሰውም ይሉ ነበር። ከሁሉም የሚደንቀኝ አንድ ደንባቸው ነው። አዲስ ሽታ የሚሰጡን ስናለቅስ ሳይሆን ስንስቅ ነበር፤ ገመድ ዘለን፣ ላብ በላብ ሆነን፣ ጥርሳችን ሳይከደን ይጠሩንና ያሸትቱናል። «ደስ ባለሽ ቀን ያላሸተትሽው ቅጠል፣ በከፋሽ ቀን አያውቅሽም» ይሉኝ ነበር። ፊደል ያልቆጠሩት እኚህ ሴት ይህን ከየት እንዳመጡት እንጃ፤ እኔ ግን የፈተና ወረቀት ሲሰጠኝ አንጓዬን አፍንጫዬ ላይ ሳደርግ ገመዱ ሲሽከረከር እሰማው ነበር።

ይህን ሁሉ የማደርገው ተደብቄ ነው። እናቴ እትዬ አስካለ በቤታችን በር እንዳያልፉ ከልክላ ነበር፣ እኛም ወደ እሳቸው ቤት እንዳንወጣ። ምክንያቱንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል፤ እትዬ አስካለ ቅጠል ከመጣዳቸው በፊት ሃያ ዓመት ሙሉ አረቄ አውጥተው ሲሸጡ የኖሩ ናቸው፣ ዋናው ደንበኛቸው ደግሞ አባቴ ነበር። ባላቸው በዚያው በአረቄ ሲሞት ሥራውን እርግፍ አድርገው ተዉት። አባቴ ግን አልተወም፤ ሌላ ቤት አያጣም። ልብስ ሰፊ ነበር፣ ከታክሲ መያዣው አጠገብ ጠባብ ሱቅ ያለው፤ ሳይጠጣ ሲሰፋ ስፌቱ በጋዜጣ ሊወራለት የሚገባ፣ ሲጠጣ ግን የደንበኛውን እጅጌ አንዱን አስረዝሞ አንዱን የሚያሳጥር።

በዚያ ዓመት እናቴ ትዕግሥቷ አለቀ። አንድ ጠብታ ከቀመስክ ልጆቼን ይዤ ደብረ ብርሃን ወንድሜ ጋ እሄዳለሁ፣ ተመልሼም አልመጣም አለችው። እናቴ ያለችውን የምታደርግ ሴት ስለነበረች አባዬ እንጦጦ ማርያም ወጥቶ ተሳለ። መጠጡን ተወ፤ እንቅልፍም እሱን ተወው። እጁ እየተንቀጠቀጠ መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተው፣ እኔ ነበርኩ የማስገባለት። ፊቱ ጠቆረ፣ ድምፁ ጠፋ፤ እኛም በቤታችን ውስጥ በእግር ጣታችን መሄድ ጀመርን። እንዲህ ከቀጠለ ይጠጣል፣ ከጠጣ እንሄዳለን ብዬ አሰብኩ፤ የዐሥር ዓመት ልጅ ብሆንም ይህን ያህል መደመር እችል ነበር። አባቴን ትቼ መሄድ አልፈለግሁም። ስለዚህ ወደ እትዬ አስካለ ወጣሁና አባዬን የሚያስተኛ ሽታ ስጡኝ አልኳቸው።

 እሳቸውም ነጠላቸውን አጣፉና ጠጅ ሳር ማጨድ ጀመሩ። የቅጠሉ ማሰሮ በዚያው ሰሞን ተሰንጥቆባቸው ነበር፣ አዲስ ተገዝቶ እስኪሟሽ ደግሞ ቀናት ይፈጃል፤ እኔ ደግሞ የምቸኩል ልጅ ነበርኩ። ስለዚህ ጓዳ የተጣለውን የድሮውን የአረቄ ማሰሮ አወጡ፣ በግራዋ ፈትገው ፈትገው አጠቡት፣ አሸተቱት፣ ንጹሕ ነው አሉና ጣዱት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእትዬ አስካለ አፍንጫም እንዲሁ ነበር። የሰፈሩን ቅጠል ሁሉ ዐይናቸውን ጨፍነው የሚለዩት ሴት፣ ሃያ ዓመት አብረውት የኖሩትን አንዱን ሽታ ብቻ ማሽተት አይችሉም ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት እናቴ ገበያ ሄዳ አባዬ ሱቁ ሳለ፣ ብልቃጡን ይዤ የአባዬ ትራስና ጋቢ ላይ አንጠባጠብኩ። ጠብታ የተባልኩትን እኔ እፍኝ አደረግሁት። ደስ እያለኝ ስጠብቅ እናቴ ገባች፣ ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ ቆመች፣ ወደ አልጋው ሄዳ ጋቢውን አፍንጫዋ ላይ አደረገችው።  ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሻንጣ አወረደችና የታናሽ ወንድሜን ልብስ ማጠፍ ጀመረች። ያኔ ነው እኔም በጠጅ ሳሩ ሥር የተኛውን አረቄ ያሸተትኩት።

አባዬ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ደረሰ። ሻንጣውን አየ፣ ጋቢውን አሸተተ፣ ሁሉም ገባው። አልቀመስኩም ብሎ ይምላል ብዬ ጠበቅኩ፤ አልማለም። ስንቴ በሐሰት ምሎላት ስለነበር ለእውነቱ የሚሆን መሐላ አልተረፈውም። በሩ ላይ እጁን አጣምሮ ብቻ ቆመ። እኔም መናገር ነበረብኝ፤ ነገር ግን እዚያ ቤት መሄዴን ማመን ከዱላ በላይ አስፈርቶኝ ብልቃጡን ጨብጬ ዳገቱን በሩጫ ወጣሁ።

የሆነውን ስነግራቸው እትዬ አስካለ ነጠላቸውን መሬት እየጎተቱ ከኋላዬ ቤታችን ደረሱ። እናቴ በሩን በሰውነቷ ዘጋችው።

«እትዬ አስካለ፣ በዚህ በር አይለፉ ብዬ አልነበረም?»

«ብለሻል ወይንሸት። ዛሬ ግን ጥፋቴን ይዤ ነው የመጣሁት፤ እሱን አስገቢልኝ።»

ብልቃጡን ከእጄ ወስደው አሸተቱ፤ ጠጅ ሳር ብቻ ነው አሉ። ለሰፈሩ ሁሉ ይሸታል እኮ አለቻቸው እናቴ። ደግመው አሸተቱ፣ ሦስተኛም ሞከሩ፣ ከዚያ የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አሉ። «አፍንጫዬ ሞቷል» አሉ። «ከአረቄው ማሰሮ ነው ያወጣሁት። ያኔ ያጠጣሁት እኔ ነኝ፣ ዛሬም አልጋው ላይ ያስደፋሁት እኔው ነኝ። እሱ የለበትም፤ ልጅቷም ያባቷ ነገር አንጀቷን በልቷት ነው።» ተነሥተው ሄዱ፣ ማሰሮውን ተሸክመው ተመለሱና ደጃችን ካለው ድንጋይ ላይ ከሰከሱት።  እናቴ መጥረጊያ ይዛ ወጣችና ሁለቱ ሴቶች ጎንበስ ብለው ገሉን አብረው ለቀሙ።

ስትመለስ የወንድሜን ልብስ ከሻንጣው አውጥታ ወደ ቦታው መለሰችና አባዬን «ምሳ በልተሃል?» አለችው። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

እትዬ አስካለ ንጹሕ ጠጅ ሳር በአዲስ ማሰሮ አውጥተው አመጡለት፤ በበራችን ገብተው፣ ወንበር ተሰጥቷቸው። አባዬ ግን የተበላሸው ብልቃጥ እንዳይጣል አለ። መደርደሪያ ላይ አስቀመጠውና በየጠዋቱ ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ ቡሹን ነቅሎ አንዴ ያሸታል፣ መልሶ ይወትፋል፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ልጅ ሳለሁ ራሱን የሚፈትን ይመስለኝ ነበር። የእትዬ አስካለ ደንብ የገባኝ ካደግሁ በኋላ ነው፤ ለእኛ አረቄ የሚሸተን ያ ብልቃጥ ለአባዬ የሚሸተው የታመነበት ቀን ነበር። እስኪሞት ድረስ አንዲት ጠብታ አልቀመሰም።

ዛሬ የእትዬ አስካለ ቤት የነበረበት ቦታ ፎቅ ቆሞበታል፣ እሳቸውም አባዬን ቀድመው አልፈዋል፤ ዳገቱ ላይ ማን ምን እንደከፋው የምታውቅ ሴት የለችም። የልጄን ማሽን አልንቅም፣ ባሕር ዛፉ ባሕር ዛፍ ነው። ግን ጠብታውን ያንጠባጠበው ማንም ይሁን ማን ለማሽኗ አንድ ነው።

ያን ማታ ከቁም ሳጥኔ ውስጥ በአባዬ ሜትር የተጠቀለለውን ብልቃጥ አወጣሁ። ከከፈትኩት ዓመታት አልፈዋል። ቡሹን ነቅዬ አሸተትኩ፤ ምንም የለም። ደግሜ አሸተትኩ። እንደ እትዬ አስካለ ለምጄው ይሆናል፣ የሞተው አፍንጫዬ ይሆናል ብዬ ተጽናናሁና ሳምራዊትን ጠራኋት፤ እሷ ወጣት ናት፣ አፍንጫዋም አዲስ ነው። ብልቃጡን ተቀብላ ዐይኗን ጨፍና ረጅም ጊዜ አሸተተችልኝ።

«ምንም አይሸትም፣ እማ» አለችኝ።

ተቀበልኳትና ቡሹን መልሼ ወተፍኩት።